ለሬዲዮው የተሰፋው ልብስ

በዚያ ወደብ ያሉትን ጀልባዎች ሁሉ የምታለብሰው አንዲት ሴት ናት። የፀሐይ መከላከያ ሸራ ቢሆን፣ የወንበር ሽፋን ቢሆን፣ የተቀደደ የመንሳፈፊያ ጃኬት ቢሆን፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል። ሱቋ ከዓሣ ሚዛኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ከባዱ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የክር ጥቅል፣ መቀስና ሰም የተቀባ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ሸራ ሰፊዋ ይሏታል። የወደቡ ሰዎች፣ "የእሷ ስፌት ከሚፈታ ትዳር ቢፈታ ይቀላል" ብለው ይቀልዳሉ፤ እሷም ይህን ስትሰማ ፊቷን ታኮሳትርና ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል።

ባሏ ደግሞ ነጋሪት ነው። ይህ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ጉሮሮው ያወጣለት ነው። ሹክ አለ ሲባል ማዶ ላይ ያለ ሰው ዞር ይላል። የእሱ ጀልባ ጭነት ታመላልሳለች፤ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ "እ" ከማለት በቀር ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ አቶ ዝም ይሉታል። አንዱ ለሁለት ያወራል፣ ሌላው ለሁለት ዝም ይላል። ፈጣሪ ሲያጣምር እንዲህ ነው!

የዚያ ወደብ ጀልባ ያለ እጅ ሬዲዮ አይወጣም። ሁሉም የሚያዳምጡት አንድ ቻናል ነው፤ ስለዚህ የሚናገር ሰው ቁልፉን ይጫናል፣ ባጭሩ ይናገራል፣ ወዲያው ይለቃል። ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ የያዘው ሰው ከሌላው ምንም አይሰማም፤ ሌላውም ሰው አፉን ቢከፍት ቃሉ እዚያው ይታፈናል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ሬዲዮ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ባሏ ወይም ልጇ ባሕር ላይ ያለባት ሁሉ ሥራዋን እየሠራች ጆሮዋን ወደዚያ ትጥላለች።

ነጋሪት እጁ ላይ ዕቃ አይበረክትለትም። ገመድ ለማሰር ጎንበስ ሲል ሬዲዮው ከኪሱ ሾልኮ ባሕር ገባና ቀረ። አዲስ ሲሰጡት በቀጥታ ወደ ሚስቱ ሱቅ መጣ።

"አንቺ፣ ለዚህ ልብስ ስፊለት። ጠበቅ አድርጊው! ይሄም ከጠፋ ተከትዬው ነው የምገባው።"

"ግባ! ማን ያወጣሃል? አቶ ዝም እንደሆነ ሰው አይጣራልህ።"

ተሳሳቁ። እሷ ግን ነገሩን ቁም ነገር አደረገችው። ወፍራሙን ሸራ ደርባ ቆረጠች፤ ጎንና ጎኑን በድርብ ስፌት ገጠገጠችው፤ ከላይ ደግሞ ሲስቡት ቸርር ብሎ የሚላቀቅ፣ ሲጫኑት የሚጣበቅ ማሰሪያ አደረገችለት። ውጭ የቀረው አንቴናው ብቻ ነው። ቁልፉ ሲጫን የሚበራው መብራትም፣ ራሱ ቁልፉም ሸራ ውስጥ ገቡ። ያዩት ሁሉ ወደዱት፤ "ለኔም፣ ለኔም" እያሉ አዘዟት፤ እሷም የሁሉንም ቆርጣ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች።

ነጋሪት አዲሱን ልብስ ይዞ የወጣ ቀን ጠዋት፣ እንደ ደንቡ ሬዲዮውን ፈተሸ። "ጣቢያ፣ ይሰማል?" አለ። "አጥርቶ ይሰማል" ተባለ። ከወጣ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ነፋስ ሲነሣ ነው እንግዲህ ሬዲዮውን ልብሱ ውስጥ ከትቶ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ፣ ከመንሳፈፊያ ጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ ያሰረው። ፈትሾ አለበሰው እንጂ አልብሶ አልፈተሸውም።

ያኔ ወደቡም ላይ ነፋሱ በርትቶ ነበር። ሸራ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ሳለ ከውጭ ሳቅ ሰማች፤ የአንድ ሰው ሳቅ ሳይሆን የገበያ ሙሉ ሳቅ። ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ድምፅ ማጉያው ሥር ተሰብስቧል። ከማጉያው የሚወጣው ደግሞ የባሏ ድምፅ ነው።

"እኔ እኮ ሚስቴን እወዳታለሁ" ይላል ነጋሪት ለአቶ ዝም። "ማንኮራፋቷ ነው እንጂ! አንድ ሌሊት ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባዋ እየሄደች መስሎኝ መልህቅ ልጥል ተነሣሁ እኮ!"

"እ" አለ አቶ ዝም።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዓሣ መዛኟ እንባዋን እየጠረገች፣ "እትዬ፣ መልህቅ ላበድርሽ?" አለቻት።

"ይምጣ ብቻ! ዛሬ ከመልህቁ ጋር ነው የሚያድረው" አለችና እሷም ሳቀች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እሱ ግን ያለ ብቅል ሁሉን ዘርግፎታል። ደግሞም ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? በዚያች ሰዓት ግን ይህ ተረት የታወሰው ሰው አልነበረም።

ልታስቆመው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ገባች። ሬዲዮኛው ግን አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ተቀመጪ።"

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ባልሽ ማውራት ሊጀምር ሲል አንድ ድምፅ ገብቶ ነበር። የወንድምሽ ነው። 'ሞተሬ ቆሟል፣ ውሃ እየገባ ነው፣ ያለሁት' ብሎ ሳይጨርስ የባልሽ ድምፅ መጣና ዋጠው።"

ክው አለች። ታናሽ ወንድሟ ጎህ ሲቀድ ወጥመዱን ሊያነሣ ብቻውን ወጥቷል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ወንድሟም ነው፣ የበኩር ልጇም ነው።

"የት ነው ያለው?"

"እሱን እኮ ነው ያልጨረሰው! ጀልባ ልላክ፤ ግን ወዴት ብዬ ልላክ? ባሕሩ ሰፊ ነው።"

"ታዲያ ይህን ሰውዬ ዝም በል በለዋ!"

"አይሰማኝማ! ቁልፉ ተጭኖ ቀርቷል። ሌላውን ቻናል ሁሉ ሞከርኩ፤ የሚመልስ የለም። ባልሽ ሞገድ ከሚመልሰው የወደቡ ግድብ ማዶ ጭነት እየጠበቀ ነው፤ ወደ እሱም ሰው ልኬያለሁ። ግን በዚህ ሞገድ ዞሮ እስኪደርስ..."

በዚህ መካከል ነጋሪት ከማጉያው ላይ ሲተነፍስ ተሰማ። ምግብ እያላመጠ ነበር።

"ልብ ብለሃል?" አለ ለአቶ ዝም። "ሬዲዮው ዛሬ ጭጭ ብሏል። ተመስገን ነው! ሁሉም ሰላም ነው ማለት ነው።"

"እ" አለ አቶ ዝም።

ውጭ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ። ነገሩ ለሁሉም የገባው ያኔ ነው። ዓሣ መዛኟ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

"የሚስቴ ወንድም እንኳ ሳይጨቀጭቀኝ ዋለ" አለ ነጋሪት ቀጥሎ። "አይ እሱ ልጅ! እሱ ባሕር ላይ ሲወጣ እኔ የማዝነው ለባሕሩ ነው" ብሎ በዚያ ጉሮሮው ከት ብሎ ሳቀ።

እጇን ማጉያው ውስጥ ከታ አፉን ብትይዘው ደስታዋ ነበር። ሳቁ አላልቅ አለ። እሷም ያንን ሳቅ እየሰማች ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ ሰውዬው ሬዲዮ አይሰማም እንጂ ጆሮ አለው። ነፋሱም ቢሆን ከወደቡ ወደ እሱ ነው የሚነፍሰው።

ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ እጀታ አየች። የአደጋ መጥሪያው ሳይረን እጀታ ነው።

"እንዳትነኪው!" አለ ሬዲዮኛው። "ያለ ኃላፊው ትእዛዝ አይነካም። ለእሳት ብቻ ነው!"

"ይኸው እሳት! ቤቴ እየተቃጠለ ነው!" አለችና ተንጠልጥላ ሳበችው።

ሳይረኑ ጮኸ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ የወደቡ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ማጉያውን ያያል። ጥቂት ቆይቶ ያው የራሳቸው ሳይረን፣ ቀጭን ሆኖ፣ በነጋሪት ሬዲዮ በኩል ተመልሶ መጣላቸው። ሳቁም ተቋረጠ።

"ይሄ ሳይረን አይደለም እንዴ? እሳት ተነሣ? በሬዲዮ ምንም አልተባለም እኮ! ቆይ እስቲ፣ ልጠይቅ።"

ከዚያም በማጉያው ውስጥ፣ ቸርርር።

በዓለም ላይ ያንን ድምፅ እንደ እሷ የሚያውቀው ሰው የለም። የገዛ እጇ ሥራ ነው፤ የሰፋችው ማሰሪያ ሲላቀቅ ነው። ቸርር እንዳለ ቻናሉ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ሸራ ሰፊዋ ደርቃ ቀረች። እጇ ከሳይረኑ እጀታ ላይ አልወርድ አላት። ባሏ ቁልፍ አልተጫነም። ቁልፉን የተጫነው የእሷ ድርብ ስፌት ነው።

ዝምታው ውስጥ አንድ ድምፅ ገባ፤ የተሰባበረ፣ የሚንቀጠቀጥ።

"... የሚሰማኝ አለ? ኧረ ስለ እናት! ከጥቁሩ አለት ጀርባ ነኝ። ጀልባዬ ተገልብጣለች፤ ላይዋ ላይ ነኝ። እጄ እየከዳኝ ነው።"

ሬዲዮኛው ማይኩን አፈፍ አደረገ። "ሰምተንሃል! ከጥቁሩ አለት ጀርባ! አትልቀቅ! ሌላ ማንም ሰው ቁልፍ እንዳይነካ!" ቀጥሎም፣ "ነጋሪት፣ ከሁሉ ቅርብ አንተ ነህ" አለ።

"እየሄድኩ ነው" አለ ነጋሪት፤ ለቀቀም። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ጀልባዋ ስትመለስ ሰው ሁሉ የመውረጃው ደረጃ ላይ ነበር። ወንድሟን በጭነት መሸፈኛ ሸራ ጠቅልለው አወረዱት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ሬዲዮው በገመድ እንደታሰረ ከእጅ አንጓው ላይ ተንጠልጥሏል። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ጮኻ አለቀሰች፤ ማንም ይስማት አልተጨነቀችም።

"እታለም" አለ ልጁ ትንፋሽ እየቆራረጠው፣ "ማንኮራፋትሽ አሁን በባሕሩም ታወቀ።" ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ከዚያ ወደ ነጋሪት ዞረ። "ጋሼ፣ ስጣራ ነበር እኮ። ተጣርቼ ስለቅ የምሰማው አንተን ነው። ደግሜ ተጣርቼ ስለቅ፣ አንተን ነው። 'ተመስገን' ስትል ጀልባዬ ልትገለበጥ አንድ ጎኗ ሰጥሞ ነበር። 'ሁሉም ሰላም ነው' ስትል ደግሞ ተገለበጠች።"

ነጋሪት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሄዶ አይመልሰው ነገር! ለባሕሩ አዝናለሁ ማለቱንም ልጁ ሳይሰማ አልቀረም፤ ግን ያንን አላነሣበትም፤ አለማንሣቱም ባሰበት።

"ቁልፉን አልነካሁም" አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ላለ ሰው እንኳ አልሰማ አለ። "እናቴን! አልነካሁም።"

"እውነቱን ነው፤ አልነካውም" አለች ሚስቱ። "የነካሁት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሬዲዮውን ከባሏ እጅ ወሰደች፤ ልብሱ ውስጥ ከተተችው፤ ማሰሪያውን እንደሚታሰረው ሳብ አድርጋ አጣበቀችው። በዚያው ቅጽበት ከኋላቸው ድምፅ ማጉያው ጢይይ ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎም የሁሉም ትንፋሽ፣ የልጁ ጥርስ ሳይቀር፣ ከግድግዳው ላይ ተሰማ። ማንም ጣቱን ቁልፍ ላይ አላደረገም። አቶ ዝም እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

"ኧረ በስመ አብ!" አለ። ከእሱ አፍ ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት ያወራው ነበር፤ ያን ቀን ግን ልብ ያለውም የለም።

ማሰሪያውን ቸርር አድርጋ ፈታችው፤ ማጉያው ዝም አለ። ማንንም ሳታይ ወደ ሱቋ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ለሌሎቹ ጀልባዎች የቆረጠቻቸው ልብሶች እንደተደረደሩ ናቸው። እነዚህን ሁሉ ሰፍታ ቢሆንስ? ባሕር ላይ ያለ ሰው ሁሉ የእሷን ስፌት ደረቱ ላይ አስሮ ቢወጣስ? መቀሱን አነሣችና አንድ በአንድ ትቀድዳቸው ጀመር።

ወንድሟ በጭነቱ ሸራ እንደተጠቀለለ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ነጋሪት ከኋላው ትከሻውን ደግፎታል።

"እታለም፣ የኔን አትቅደጂው።"

"ዝም በል! ዳግመኛ ለሬዲዮ ልብስ ብሰፋ እጄ ይቆረጥ!"

"ከተቆረጠ ማን ይሰፋልኛል? ስፊልኝ። ቁልፉ ጋ ክፍት ይሁን፤ መብራቱም ይታየኝ። እኔም ከዛሬ በኋላ አልብሼው ነው የምፈትሸው።"

ያልተቀደደውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት፤ ጠመኔውን ግን ለማንሣት አልደፈረችም። ልጁ ውሃ ያጨማደደውን ነጭ ጣቱን ሸራው ላይ፣ ቁልፉ በሚያርፍበት ቦታ፣ አስቀመጠ፤ ነጋሪትም ጠመኔውን አነሣና፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በጣቱ ዙሪያ ሰፋ አድርጎ ምልክት አደረገ።