የሚደገምበት ክፍል

ትናንት ሸዋ ሮቢት ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ አይሱዙ እርጥብ አጣና ጭኖ አለፈ። ሽታው የልጅነት ትምህርት ቤቴን አስታወሰኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ የወላጆች ቀን። አባቶቻችን በግመል ባመጡት እንጨት አዲስ ክፍል ቆሞ ጭቃ መመረግ ብቻ ቀርቶታል። ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ውጤት ሲያነቡ ሚኒስትሪ የወደቅነው በዛን።

«እንጨታችንን መልሱ!» ብሎ አባቴ ተነሳ።

ግማሹ ወላጅ እንጨቱን ሊነቅል፣ ግማሹ ሊያስጥል በአጣና ተደባደበ። የርዕሰ መምህሩ ግንባር ተፈነከተ፤ ደሙ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ወረደ። አባቴ በመጥረቢያ የማዕዘኑን ምሰሶ ሊቆርጥ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ምሰሶውን አቅፈው ቆሙ።

«ዞር በሉ፣ እትዬ!»

«ወላሂ አልዞርም! የወደቀው ልጅ የት ቁጭ ብሎ ይድገም? አናትህ ላይ?»

ሰው ደሙን እየጠረገ ሳቀ። አባቴ ግን መጥረቢያውን እንዳነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ትደግሚያለሽ ወይስ ልዳርሽ?»

«እደግማለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

መጥረቢያውን ከእትዬ ዘሀራ ራስ በላይ ምሰሶው ላይ ሰክቶ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተሰክቶ ቆየ፤ ከነቀለው ሊድረኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ከረምኩ። አባቴ ነቅሎት ወደ ቤት ይዞት ሲመጣ ዛሬም በሕልሜ አያለሁ።