ያልታጠበው ዱንጉዛ

ሶዶ ከተማ ውስጥ አጭር ሱሪ በማስረዘም የታወቅሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሳጠሩን ማንም ይችላል። ማስረዘሙን እንዴት እንደተማርኩት የሚያውቁት ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ስለሆነ እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል። ለሌላ ሰው ከተውኩት ይጨምርበታል።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። መርካቶ አጎቴ ዘንድ ስፌት ተምሬ ወደ አገሬ የተመለስኩት በጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያዎች መካከል፣ የስፌት መኪናዬን አቅፌ ነበር። አንድ አረብ ነጋዴ ከሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ጥግ ሰጠኝ። እሱ ካኪና አቡጀዲ ከጣቃው እየለካ ይሸጣል፤ ገዢው ጨርቁን ይዞ ዞር ሲል እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እጠብቀዋለሁ። ፀጉሬን በቅባት አስተኝቼ፣ ሱሪዬን በከሰል ካውያ ተኩሼ ስቀመጥ ሶዶ ውስጥ እኔን የሚያህል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ «ይሄ ልጅ መርካቶ የሄደው ስፌት ሊማር ነው ወይስ ኩራት?» ትል ነበር። ሁለቱንም ተምሬ ነው የመጣሁት።

የዚህ ታሪክ መነሻ የሆነችውን ልጅ ያየኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመዘምራኑ የፊት ረድፍ ትቆማለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያየሁት እሷን ሳይሆን እጅጌዋን ነበር፤ የግራው ተጣሞ ነው የተሰፋው። መዝሙሩ እስኪያልቅ እጅጌውን በልቤ ስፈታና ስሰፋ ቆየሁ፤ በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው። እንዲህ እያልኩ እጅጌውን ለማቃናት ስመኝ ከርሜ ባለቤቲቱን ተመኘኋት።

አንድ የገበያ ቀን ከአክስቷ ጋር ቁልፍ ልትገዛ ወደ ሱቁ መጣች። ዕድሌን አገኘሁ ብዬ፣ «ይሄን እጅጌ ማነው የሰፋው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አይ፣ ያምራል» አልኩ።

ውሸቴን አወቀችብኝ መሰለኝ ሳቀች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ፖሊስ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ።

ችግሩ አባቷ ነው። አባቷ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሸማኔና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። የሱን ጋቢና ቡሉኮ ፍለጋ ከአረካም ከቢጠናም ሰው ይመጣል። ከቤቱ አጠገብ፣ በሣር ክዳን ጥላ ሥር፣ እግሩን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ጥጡ ከብላቴ ቆላ ይመጣል፣ ሚስቱና ሴት ልጆቹ ይፈትሉታል፣ እሱ ይሸምነዋል። ቤቱ ውስጥ መቀስ የሚባል ነገር የለም። እሱ የሠራው ልብስ እንዳለ ይጠቀለላል፣ እንዳለ ይለበሳል እንጂ አይቆረጥም።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ቆጮውን በዳጣ አጣጥመው፣ ጠግበው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ። አባትየው እንዲህ ብሏል፦ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክርን ከክር ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ እኔ ያገናኘሁትን እየቆረጠ ነው እንጀራ የሚበላው። እንዴት አድርገን ነው የምንዛመደው?»

በጣም ተናደድኩ። ነገሩ ስህተት ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። አረቡ ነጋዴ ግን «ሌላ ምክንያት ካልሰጠ ወዶሃል ማለት ነው» ብሎ አጽናናኝና ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። አባትየው ከሸማ መሥሪያው ላይ ገና የወረደ ዱንጉዛ፣ የአገራችንን ባለመስመር ጨርቅ፣ ጠቅልሎ ሰጥቷቸዋል፤ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመሩ ዓይን ይወጋል። መልእክቱም አብሮ መጣ፦ «ከተማ የሚለበሰውን ዓይነት ጠበብ ያለ ሱሪ ይስፋልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ልለብሰው። ነገር ግን ከጨርቄ አንዲት ቁራጭ እንኳ ተጥላ ባይ፣ የጋብቻው ወሬ እዚያው ላይ አበቃ።»

ልለካው ቤቱ ሄድኩ። ከጉድጓዱ በግድ ወጥቶ ቆመልኝ። ሜትሬን በወገቡ ዙሪያ ሳዞር «ምን ትለካኛለህ? እኔ ሰው ነኝ እንጂ መሬት አይደለሁም» አለ። እስከዚያን ቀን የለበሰው ሱሪ ሁሉ ሰፊ፣ በገመድ የሚታሰር ነበር፤ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ተንበርክኬ የእግሩን ርዝመት ስለካ ልጅቷ ከወንዝ ያጠበችውን ጋቢ አጥሩ ላይ ታሰጣ ነበር። ዱንጉዛውን አየችና «አባባ፣ ይሄ ጨርቅ እኮ ገና...» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ሂጂና ቡና አፍዪልን» አላት አባቷ።

እኔም ከሱ ላለማነስ፣ ሙያተኛ መስዬ ለመታየት፣ «አታስቢ፣ ልኩ እጄ ላይ ነው» አልኳት። ገበቴዋን አነሳችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልረሳቸውም። ዱንጉዛውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በጠመኔ እስላለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እስላለሁ። መቀሱን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የስኳር ወረቀት በሱሪ ቅርጽ ቆርጬ እያገለባበጥኩ ስሞክረው እውላለሁ። እንዲህ ባስቀምጠው ከመቀመጫው በኩል ይተርፋል፤ እንዲያ ባስቀምጠው አንድ እግር ይጎድላል። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ካኪውን ይዞ ይጮህብኛል። አረቡ «ጨርቁን ነው የምታገባው ልጅቷን?» ይለኛል።

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ከጭኑ የተረፈው ኪስ ሆነ፣ ከመቀመጫው የተረፈው የወገብ መታጠቂያ ሆነ፣ ከዚያ የተረፈው የቀበቶ ማስገቢያ ሆነ። የእግሩን ጫፍ ጥፍር በማታህል ማጠፊያ ብቻ ጨረስኩት፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተደበቀ ጨርቅ የለውም። ሱሪውን ለባለቤቱ ስሰጥ የተረፈውን የክር ብጥስጣሽ በመሐረብ ቋጥሬ «ትርፉ ይሄው» አልኩት። መሐረቡን ፈታ፣ እፍኝ የማይሞላውን ብጭቅጫቂ ክር አየ፣ እፍ አለበት፣ በነነ። ሱሪውን ለብሶም እግሩን ቁልቁል እያየ ግቢውን ዞረ። ልክክ ብሎ ነበር፤ ጫፉ ጫማው ላይ አርፏል።

«ከጉባኤው በኋላ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለ። እኔ ያን ማታ አገባሁ ብዬ ነው የተኛሁት።

ጉባኤው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቅጠል በተሠራ ትልቅ ዳስ ነበር የሚደረገው። ከየአቅጣጫው ሕዝቡ እየዘመረ በእግሩ ይመጣል። እኛ መንገድ ላይ ሳለን ከዳሞታ በኩል ዝናብ ወረደ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ወንዙም ሞልቶ እስከ ወገባችን ተነከርን። ከዚያ ደግሞ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ጠራና ፀሐይ ወጣ። አባትየው ሽማግሌ ስለሆነ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው እንፋሎት ያወጣ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ «ደግ ነው፣ ይደርቅለታል» አልኩ።

በጸሎት እንዲከፍት ሲጠራ ብድግ አለ። የሱሪው እግር ግን ወደ ጫማው አልወረደም። ጫማው ላይ የነበረው ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ሸሽቶ ባቱ ላይ ደርሷል። ወገቡም ጠብቆት እንደ ሽመላ ቀስ እያለ ነው መድረኩን የወጣው። «ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» አለ፤ ያን ቀን ዓይኑን የጨፈነ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከመዘምራኑ በኩል የታፈነ ሳቅ ይሰማኛል። እሱ ራሱ ቁልቁል አየ፣ ነገሩን ተረዳ። ሱሪውን ማስረዘም ባይችል ጸሎቱን አስረዘመው። ስለ ንጉሡ ጸለየ፣ ስለ ዝናቡ ጸለየ፣ ስለ ከብቶች ጸለየ፤ ሰዉ እስኪታክተው ድረስ ከመድረኩ አልወረደም። እኔ በዳሱ ቅጠል መካከል ሾልኬ የምወጣበትን ቀዳዳ እፈልግ ነበር።

በማግስቱ አስጠራኝ። ከነሽማግሌዎቼ ሄድኩ። ጋቢውን እግሩ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል፤ ሱሪው ከፊቱ መደብ ላይ ተዘርግቷል።

«ምን አደረግህበት?» አለኝ።

«እኔ ምንም አላደረግሁም፣ አባባ። ጨርቁ ነው።»

«ጨርቄ? ይህን ያህል ዘመን ስሸምን አንድ ሰው ጨርቅህ አጠረብኝ ብሎኝ አያውቅም።»

እኔም ነደደኝ። «እኔ የሰፋሁት ሱሪም ሰው ላይ ሲያጥር አይቼ አላውቅም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ፤ ጎረቤት በአጥር በኩል ብቅ ማለት ጀመረ። ነገሬ እንዳበቃለት ገባኝ፤ ግን መቆም አቃተኝ።

ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ በሁለታችን መካከል ቆመች። እጇ ከማጠቢያው እርጥብ ነበር።

«ሁሌም ያጥራል» አለች። «ጋቢውም ቡሉኮውም መጀመሪያ ሲታጠብ አንድ ክንድ ያህል ይሰበሰባል። የሚጠቀለል ልብስ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም። የማጥበው እኔ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ። የአረቡ ጨርቅ ግን ይህን ያህል አያጥርም።»

አባቷና እኔ ተያየን። እሱ ልብስን በልክ ለብሶ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።

«ታዲያ ይህን ስታውቂ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«ልናገር ጀምሬ ነበር። እርስዎ ቡና አፍዪ አሉኝ። እሱ አታስቢ አለኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «የሱሪው ነገር ምንም አይደለም። ሽማግሌ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ሁሉ መካከል እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። እጅጌዋን፣ የአባቷን ወገብ፣ የዱንጉዛውን ወርድ ሁሉ ለክቻለሁ፤ እሷን ግን ትወጂኛለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

አባቷ ሱሪውን ትክ ብሎ አየ። በመጨረሻ «እሺ፣ ጠየቅንሽ። ምን ትያለሽ?» አላት።

ሱሪውን አነሳች፣ ጫፉን ገለበጠች፣ የሚለቀቅ ማጠፊያ እንደሌለው አየች። «አንዲት ቁራጭ እንዳትወድቅ ብላችሁ ተፎካክራችሁ የምናስረዝምበት እንኳ አልተረፈንም» አለች። «መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል። መልሱ ከዚያ በኋላ ነው።»

አባቷ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ለሁለቱም እግር የሚሆን ጠባብ የዱንጉዛ ጥብጣብ ሸመነ። እሷ ወንዝ ወስዳ በእንዶድ አጠበችው፤ አድርቃ እንደገና አጠበችው። እኔ ስፌት መኪናዬን በሸክም ወደ ግቢያቸው አስመጥቼ ጥብጣቡን ከሱሪው ጫፍ ጋር ገጠምኩት። አባትየው ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ መርፌው ሁለቱን ጨርቅ ሲያያይዝ ተመለከተ። «ለካ ይሄም ማገናኘት ነው» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው። የወገቡን ጥበት በኪሱ ጨርቅ አሰፋሁት። ሱሪው ጫማው ላይ ተመልሶ አረፈ። ለሚቀጥለው ጉባኤ የመንደሩ ጎረምሶች ሁሉ ጫፉ ላይ ጥብጣብ የተቀጠለበት ሱሪ ካልሰፋህልን ብለው በረንዳዬን ሊያፈርሱት ነበር፤ ያጠረ ሱሪ መሆኑን ማንም አላስታወሰም።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እሷም ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ዝም አለች። ቡናው ተጠጣ፣ ሌላ ወሬ ተወራ፣ አሁንም ዝም። ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ቀና ብላ «እሺ ብያለሁ» አለች። «ግን እኔን ሳይጠይቅ መቀስ አያነሳም።» አባቷ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ልጃችን ሱቁን ይዟል፤ እኔ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ልብስ እሰፋለሁ። ጨርቁን ዘርግቼ መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ወደ ጓዳ ዞሬ «ልቁረጥ ወይ?» እላለሁ። «ታጥቧል?» ትለኛለች። «ታጥቧል» እላለሁ። ከዚያ አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ዝም ትላለች። እኔም መቀሱን አስቀምጬ እጠብቃታለሁ።