ሁለቴ አነበብኩት ያልኩት ፈላስፋ

ለማስተማር ጋምቤላ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የአንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ሥራ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ገዝቼው የተርጓሚውን መግቢያና ጥቂት ገጾች አንብቤ ነው የተውኩት። የቀረውን የማውቀው ከክፍል ማስታወሻዬ ነው። ቢሆንም መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሁለቴ አንብቤዋለሁ» እላለሁ።

አንድ ቀን በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ የኑዌር ተወላጅ ለስብሰባ ትምህርት ቤታችን መጡ። መጽሐፉን አንስተው፣ ሁለቴ እንዳነበብኩት ስነግራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«መምህር፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ ጋ ምን ማለቱ ነው?»

አየሁት። አልገባኝም። ባልደረቦቼ ደግሞ ይሰማሉ።

«ይሄ መሠረት ይፈልጋል» አልኩ። «ለእርስዎ ትንሽ ይከብድዎታል።»

አንዱ መምህር ሳቀ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እሺ፣ አውሰኝ» ብቻ አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። አብሮት አንድ የተማሪ ደብተር አለ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በእጃቸው ገልብጠውታል፣ ኅዳጉም በጥያቄ ተሞልቷል።

«አልገባኝም» አሉኝ። «ግን የቱ ጋ እንዳልገባኝ አውቃለሁ። አንተ ሁለት ጊዜ አንብበሃል፣ አሳየኝ።»

«ጥያቄዎቹን ልያቸውና እንገናኛለን» ብዬ ደብተሩን ተቀበልኩ።

ቤት ገብቼ ሞከርኩ። ከመጀመሪያው ጥያቄ ማለፍ አቃተኝ። ሦስት ሳምንት ስሸሻቸው ከረምኩ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋቸውና ዓሣ ሻጮች መሀል ገብቼ ጎንበስ አልኩ።

አንዷ ሻጭ አየችኝና «ትገዛለህ ወይስ ሰው ትሸሻለህ?» አለችኝ።

 ለደንቡ ያህል አንድ ዓሣ ገዝቼ፣ ፊቴ እየነደደ ወጣሁ።

ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ ጀዊ ሄድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደብተሩን ሰጥቻቸው እንደቆምኩ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንዳላነበብኩት፣ ያን ቀን የጠየቁኝ አንቀጽም ለእኔ ለራሴ እንዳልገባኝ።

ደብተሩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አለማንበብህ ምንም አይደለም» አሉ። «እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ ለሰው ቀላል የሆነው ለእኔ ከበደኝ፣ ደደብ ነኝ እያልኩ ነው ያነበብኩት።»

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያች ንግግር ግን አንገቴን ያስደፋኝ የለም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ወንበር ሳብ አድርገው «ተቀመጥ» አሉኝና ደብተሩን ገለጡት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ማንበብ ጀመርን። አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ ነው የምንሄደው። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው፤ ሲያስረዱኝም ረጋ ብለው፣ እኔን ላለማሳፈር ቃል እየመረጡ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ ግን ብለውኝ አያውቁም። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።