ድምፁን አጥፍተን ያየናቸው ፊልሞች

ስለ ፊልም የማውቀው ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ገደማ በየሳምንቱ ስለ ፊልም አስተያየት ስሰጥ ኖሬአለሁ። አድማጬ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የራሴ ልጅ። እሷ ጅማ ነች፣ እኔ ካምፓላ። ትቻት ስመጣ የግራና የቀኝ ጫማዋን አትለይም ነበር። ይህ የፊልም ነገር ሲጀመር ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል።

የተጀመረው በፈረንጆቹ 2020፣ ከተማው በተዘጋ ሰሞን ነው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ የአንድ ኤርትራዊ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን አለ፤ እኔ እዚያ ስቶር ኪፐር ነኝ። ታክሲ ሲቆምና ቦዳ የሚሉት ሞተር ሰው እንዳይጭን ሲከለከል ከምኖርበት ከቡኮቶ እስከ መጋዘኑ በእግሬ እየሄድኩ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስብኝ ተመልሼ ቤቴን እዘጋ ነበር። ቤቱን አብሮኝ የተከራየው የወሎ ልጅ ዕቃ ሊያደርስ ጁባ እንደሄደ ድንበሩ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ሁለት አልጋ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሲተኛ ብቸኝነቱ የባሰ ነው፤ የሞከረው ያውቀዋል።

ከልጄ ጋር በስልክ የምናወራውን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ደህና ነሽ?» «አልሃምዱሊላህ።» «ትምህርትስ?» «ተዘግቷል እኮ አባ።» «እናትሽን እርጃት።» «እሺ።» ከዚያ ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች። ስታቀብል የምትቸኩለው ነገር ያመኝ ነበር። ለእሷ እኔ በዒድ ልብስ የምልክ ድምፅ ነበርኩ። የምፈራውም ይኸው ነው፤ አንድ ቀን አባትሽ የታለ ሲሏት ስልኩን እንዳታሳያቸው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ምን ስትሠሪ ዋልሽ ስላት ፊልም አየሁ አለችኝ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ «ጥሩ ነው?» አልኳት።

«አንተም እየውና ንገረኝ። ግን የእውነትህን ንገረኝ። እማ እንደሆነች ያየችውን ሁሉ ጥሩ ነው ነው የምትለው።»

በስልክ ከሦስት ቃል በላይ ስትናገረኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው መሰላችሁ። የዚያኑ ዕለት ፍላሼን ይዤ ላይብረሪ ሄድኩ።

ላይብረሪ ስል መጽሐፍ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ካምፓላ ውስጥ የፊልም ላይብረሪ ማለት አንድ ኮምፒውተር የተቀመጠበት ጠባብ ሱቅ ነው፤ ፍላሽ ትሰጣላችሁ፣ የፈለጋችሁት ፊልም ይጫንላችኋል። የእኛ ሰፈሩ ሰውዬ በዚያ ሰሞን መዝጊያውን እስከ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያስተናግደው። ችግሩ ፊልሞቹ ላይ ቪጄ መኖሩ ነው። ቪጄ ማለት የውጭ ፊልሙን ከላይ ከላይ በሉጋንዳ የሚተርክ ሰው ነው። ሲያሰኘው ይተረጉማል፣ ሲያሰኘው ይቀልዳል፣ ተዋናዩ ካናደደው ይሰድበዋል። የእኔ ሉጋንዳ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ አከራዬ መስኮቴ ሥር ልብስ እያጠበች በእንግሊዝኛ ታስረዳኛለች። «ሌባው እዚሁ ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ፍላት ነው የሚኖረው ይላል» ትለኛለች። ቴሌቪዥኑ ላይ በረዶ እየወረደ ነው።

ልጄ ዘንድ ደግሞ ያው ፊልም በአማርኛ ትረካ ነው የሚመጣው። እዚያ ወንበዴውም ሳይቀር እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚናገረው። እኔና እሷ አንድ ፊልም አይተን ሁለት ታሪክ ይዘን እንገናኝ ነበር። እኔ ሰውየው የገደለው የሚስቱን ወንድም ነው እላለሁ፤ እሷ ወንድሟ አይደለም ጠበቃዋ ነው ትላለች። እኔ የታመነ ምንጭ አለኝ እላለሁ። ምንጬ አከራዬ መሆኗን አልነገርኳትም።

ያም ሆኖ አስተያየቴን በድምፅ መልእክት እልክላት ነበር። ስለ አክሽን ፊልም የላክሁላትን አስታውሳለሁ። እኔ ስቶር ኪፐር ነኝ፤ ዕቃ ያልቃል። የፍሬን ሸራም ያልቃል፣ የዘይት ማጣሪያም ያልቃል። የዚህ ሰውዬ ጥይት ግን አያልቅም፤ ማን እንደሚያቀብለው፣ የት እንዳስቀመጠው የሚጠይቅም የለም። እንዲህ ያለ መጋዘን ካለ ነገ ሥራ እቀይራለሁ አልኳት። እሷም እየሳቀች መለሰችልኝ። ሳቋን ደጋግሜ ሰማሁት።

ስለ ፍቅር ፊልም ያለኝ ቅሬታ ደግሞ ሥራ የሚሠራ ሰው አለመኖሩ ነው። ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ዝናብ ውስጥ ይሮጣሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት የት መግባት እንዳለባቸው ግን አይታወቅም። የእኛ አገር ኮሜዲ ላይም ሰዉ ሁሉ ትልቅ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይጨቃጨቃል፤ ከሶፋው ሳይነሳ ይታረቃል። የህንድ ፊልም ስትመርጥልኝ፣ እኔ በልጅነቴ ጅማ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስንቱን አልቅሼ የጨረስኩ ነኝ፣ አሁን አላለቅስም አልኳት። አለቀስኩ። እናቲቱ ልጇን ገበያ መሀል ስታጣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ለልጄ ግን ረዝሟል ብቻ ብዬ ላክሁላት።

ሕዋ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚያወራም አይተናል። እሷ ወደደችው። እኔ ተናደድኩበት። ሰውየው ብቸኛ ነው ይላሉ፤ ሆኖም ጠዋት ማታ ምድር ላይ አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ በልተሃል ወይ፣ ተኝተሃል ወይ ይለዋል። እኔ ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ብወድቅ ሰኞ ድረስ የሚፈልገኝ የለም። ይህን ቀርጬ መልሼ አጠፋሁት፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አይላክም። «ምግቡ ደስ አይልም» ብዬ ላክሁ።

የእሷ ምርጫ ሆረር ነው። እኔ ሆረር ስጠላ አይጣል ነው። ሰው መብራት ማብሪያው እጁ ሥር እያለ በጨለማ ወደ ምድር ቤት የሚወርድበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራኝ ጭራቁ አልነበረም። ከጭራቁ በፊት ያለው ባዶ ቤት ነው፤ ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ አልጋው እንደተነጠፈ፣ ማንም ሳይኖር። ያንን ለማየት ፊልም አያስፈልገኝም።

አንዴ በእነሱ በኩል፣ አንዴ በኡጋንዳ ምርጫ ሰሞን በእኛ በኩል ኢንተርኔት እየተዘጋ ተቆራርጠን ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ እሷ አዲስ ሕግ አወጣች። «አባ፣ ያንተ ተራኪም ይዋሻል፣ የኔም ይዋሻል። ድምፁን አጥፍተን እንይ። ያየነውን ብቻ እንናገራለን።»

ካምፓላ ለሁለተኛ ጊዜ በተዘጋበት በ2021 እሁድ እሁድ ፊልም የምናየው እንዲህ ነበር፤ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ድምፅ የለም። አከራዬ ቴሌቪዥኔ የተበላሸ መስሏት የሚጠግን ሰው ላምጣልህ ትለኝ ነበር። እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። አንድ ዓይነት ዝምታ በአንድ ሰዓት ከልጄ ጋር መጋራቴ ነበር።

የላይብረሪው ሰውዬ አንድ ቀን «ቦስ፣ ይሄ የቤተሰብ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ አንዱን ጫነልኝ። መርከብ ላይ ስለሚሠራ አባት ነው። ዓመታት ይሄዳሉ፣ ልጅቷ ታድጋለች፣ እሱ ወደብ ለወደብ ሲዞር ጢሙ ይሸብታል። መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ልጅቷ በሩን ትከፍታለች። እጇ መዝጊያው ላይ ነው፤ ሁለቱ ይተያያሉ፤ እዚያ ላይ ያልቃል።

ያን ዕለት ረጅም መልእክት ላክሁ። ካየናቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አልኳት። በተለይ መጨረሻውን አሞገስኩ፤ በሩን ስትከፍትለት፣ ልታስገባው ስትል።

መልሷ ቶሎ መጣ። «አባ፣ ልታስገባው አይደለም። ልትዘጋው ነው። እጇን እየው።»

መልሼ አየሁ። አቁሜ አየሁ። እጇ መዝጊያው ላይ ነው፤ እየገፋችው ይሁን እየሳበችው አይለይም። «ለምን ትዘጋበታለች? አባቷ እኮ ነው» አልኳት።

ይኼኛው መልእክት ዘገየ። ሲመጣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አታውቀውማ። ፎቶውን ነው የምታውቀው። እኔ ብሆንም ምን እንደማደርግ አላውቅም አባ። የእውነትሽን ንገሪኝ ብትለኝ ይሄ ነው።»

ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። አከራዬ በመስኮት አይታኝ ማን ሞተብህ አለችኝ። ፊልም ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ፊልም አትይ አለችኝና ማቶኬ የሚሉትን የአረንጓዴ ሙዝ ምግብ በሳህን አምጥታ አስቀምጣልኝ ሄደች። አልበላሁትም። በልጄ አልተናደድኩም፤ ትክክል ስለነበረች ነው የከፋኝ። በሚቀጥለው እሁድ ፊልም አላየሁም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲያ ባለው እሁድ ለሚስቴ ደወልኩና ለትምህርት እረፍቱ ልጅቷን ይዘሽ ነዪ አልኳት። «ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኩ።

በ2022 መጀመሪያ መጡ። የወሎው ልጅ ከጁባ ተመልሶ የራሱን ቤት ይዞ ስለነበር ቤቱ ለእኛ ሰፋ። ኤርፖርት ላይ ልጄ እናቷን በቁመት በልጣት አየሁ። እጇን ዘርግታ ትከሻዬን በትከሻዋ ነካ አደረገችው፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው። «እንደምን ነህ?» አለችኝ። «እናንተ እንዴት ናችሁ?» አልኳት፤ አንድ ልጅ መሆኗን ረስቼ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሮሌክስ ገዛሁላት፤ እንቁላል ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን። በላችና «አመሰግናለሁ» አለች። ቡኮቶ ገበያ ወሰድኳት፤ ከኋላዬ ሄደች። ከአከራዬ ጋር በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ስታወራ ትውላለች፤ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። ሚስቴ በዓይኗ አናግራት ትለኛለች። ምን ብዬ? ደህና ነሽ ልበላት? ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

እሁድ ደረሰ። ምሳ በልተን የላይብረሪው ሰውዬ የሰጠኝን ሆረር ከፈትኩ፤ እሷ የምትወደውን ብዬ ነው። ድምፁን አጠፋሁት። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ሚስቴ መሀል ገባች። አንዲት የሞተች ሴት የአንድ ቤተሰብን ቤት በር ሰብራ እየገባች ታምሳቸዋለች። እኔ ፊልሙን አላይም፤ በጎን የልጄን ጉልበት ነው የማየው። እሷ ትራሱን አቅፋ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ብቻ አድርጋለች። ሚስቴ ግራ ገብቷት ለምን ድምፅ እንደሌለው ሁለቴ ጠየቀች። ፊልሙ አለቀ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልጄ ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፤ ከእሷ። ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«አባ፣ ፊልሙ ደባሪ ነበር። አንተ ግን ለምንድነው ዝም ያልከው? በስልክ እኮ ብዙ ታወራለህ። እኔም ፊትህን ሳይ የማወራው ይጠፋብኛል። ስልክ ላይ ያለው ሰውዬ ይናፍቀኛል፣ ወላሂ።»

ሚስቴ ሁለታችንን በየተራ አየችን፤ እኔን፣ ገርበብ ያለውን በር። «እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

እኔ የመቅጃውን ምልክት ተጫንኩ። ድምፄ መጣ። የሞተችው ሴትዮ ሥነ ሥርዓት የላትም አልኩ። ሰው ቤት በር ተሰብሮ አይገባም፤ ይንኳኳል፣ ማነው እስኪሉ ይጠበቃል፣ ካልከፈቱም ደጅ ይቆያል። ሞተች ተብሎ ነውሩ አይቀርም አልኩ። ደግሞ ያ ቤተሰብ ሜዳ የሚያክል ሳሎን ይዞ ሁሉም በየክፍሉ ብቻውን የሚፈራው ለምንድነው፣ ተሰብስበው ቢፈሩ ምን ነበረበት አልኩ። ላክሁት።

ከግድግዳው ወዲያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ እሷ ሳቀች። ሳቋ በስልክ ከማውቀው ይወፍራል። ልነሳና በሩን ልገፋው አሰብኩ፤ ሁለት እርምጃ ነው። አልተነሳሁም። ስልኬን ይዤ ቀጣዩን መልእክት ጠበቅኩ።