እሑድ ከሰዓት የከፈትኩት ዘፈን

ዘፈን ሰልችቶኛል። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር በነበረ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ዘፈን የምከፍተው እኔ ነበርኩና። ሥራዬ ማስተናገድ ነው። ግን ማጫወቻው ያለው ባንኮኒው ጀርባ ስለሆነና ከእኔ በቀር የሚታገሰው ስላልነበረ ቀስ በቀስ የእኔ ሆኖ ቀረ። የካሴቱ በር ከተሰበረ ቆይቷል። ሲዲዎቹ መሃል ከተማ የተቀዱ ናቸው፤ አንዱ ላይ ሁለት መቶ ዘፈን ይታጨቅበታል፣ ግማሹ መሃል ላይ ይዘላል። ሲዘል ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፣ እኔ የዘፈንኩት ይመስል።

የሚያደክመኝ ከዘፈኑ ይልቅ ስለ ዘፈን የሚወራው ነበር። ትልልቆቹ "የድሮ ዘፈን የት አለ?" እያሉ ያማርራሉ። የድሮውን ስከፍት በወሬ ይውጡታል። ያሁኑ ዘፋኝ በኪቦርድ ብቻ ይዘፍናል፣ ባንድ ድሮ ቀረ፣ ግጥም ድሮ ቀረ፤ ይሄን ሁሉ የሚሉት ያው የድሮው እየተዘፈነ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ያዛሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምላት፣ እዚሁ ናይሮቢ ያሳደገቻት ልጅ አለቻት። በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ በሌላው የእኔን እየሰማች፣ "ይሄን ስኪፕ አድርጊው ፕሊዝ፣ ቱ ስሎው ነው" ትለኛለች። "የትኛውን ነው እየሰማሽ ያለሽው?" ስላት ትስቃለች። ጥያቄዬንም አልሰማችውም።

በትክክል ዘፈን የሚሰማ አንድ ሰው ነበር። ኤምባሲዎቹ ባሉበት በጊጊሪ ሰፈር የውጭ አገር ሰዎችን የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ቢበልጠኝ ነው፣ ጋሼ እለዋለሁ። እሑድ እሑድ የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ይመጣል። የሚወደው ዘፈን ከጀመረ እጁን ከትሪው ላይ ያነሣል፤ እስኪያልቅ አይጎርስም፣ አብሮት የሚበላውንም አያስጎርስም። "እየበላችሁ የምን ዘፈን መስማት ነው? ወይ ብሉ ወይ ስሙ!" ይላል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ እኔ ላሙቅ እመላለሳለሁ። እሱም ያደክመኝ ነበር። ግን እወደው ነበር።

እናቱ አዲስ አበባ ታመው ተኝተው ነበር። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እንዴት ናቸው ስንለው "ያው ናት" ይልና ወሬውን ወደ ሙዚቃ ይመልሰዋል።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገና ጠረጴዛ ሳንወለውል፣ የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የጋሼ ወንድም ነበር፣ ከአዲስ አበባ። እናትየው ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። "ብቻውን እንዳይሰማ፣ አደራ" ብሎ ዘጋ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄደው፣ ሰው ከቦት፣ ተይዞ ነው የሚረዳው። እትዬ ከሽማግሌዎቹ ሁለት አባቶችን ጠራች፤ ነገ ማለዳ ሊያረዱት፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተስማሙ። ዛሬ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበሩ፤ ፈረንጆቹን ይዞ ከከተማ እንደሚወጣ ነግሯቸው ነበርና።

እኔ ዘፈኑን ዘጋሁት። ማንም አላዘዘኝም። ሰው ሞቶ ዘፈን አይከፈትም፤ ያደግኩት ይሄን እያየሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ዝምታው አሳርፎኝም ነበር።

ስምንት ሰዓት አልፎ በሩ ሲከፈት ጋሼ ነው። ጉዞው ተሰርዞ ነበር። ጥግ ላይ ስለ ነገው ሲመካከሩ የነበሩት አባቶች ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ። የእሱ ፊት ግን በርቷል። ሞባይሉን ለሁሉም እያሳየ፣ "ተሽሏታል! እናቴን ተሽሏታል! ትናንት እህቴ ሜሴጅ ላከችልኝ፣ እህል ቀምሳለች!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ምነው እህቴ፣ ቤቱን ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው? ዘፈኑ የት ሄደ?"

ማጫወቻው ተበላሽቷል ማለት እችል ነበር። ስንቴ ተበላሽቷል፤ ያምነኝ ነበር። እትዬን አየኋት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ክፈቺለት፣ አለዚያ ይነቃል" አለችኝና ኩሽና ገባች። ገብታ ቀረች።

ከፈትኩ። ቀዝቀዝ ያለ ነበር የመረጥኩት። "ኧረ ይሄን አይደለም! የጭፈራ አምጪ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው" አለኝ። አንድ የወሎ ጭፈራ አገኘሁለት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ሞከርኩ፣ አየሁት፤ ዘጠኝ ሊሆን ነው።

ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ያን ዕለት ቆመ። ትከሻውን እየሰበቀ መሃል ለመሃል ጨፈረ፤ አንደኛውን አባት "ይነሡ እንጂ አባባ!" ብሎ እጃቸውን ጎተተ። ተነሡ። ምን ያድርጉ? ሁለቴ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ምነው አባባ?" ሲላቸው "የደስታ ነው ልጄ" አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ኬንያዊቷ ምግብ አብሳያችን ከኩሽናው በር ብቅ ብላ በስዋሂሊ "ለምን አትነግሩትም? ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ወደ ማጫወቻው ዞርኩ። "ፖሌ" አለች ለራሷ፣ እንደ ማዘን፤ ተመለሰች። "ድምፅ ጨምሪ!" አለ ጋሼ። ጨመርኩ። አጨበጨብኩም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፦ ስንት ዓመት ሰልችቶኝ የኖረው ዘፈን ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ሰውየው ሲደሰት አይቼ እግሬ ባንኮኒው ሥር ምቱን ይከተል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አረዱት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው በዝምታ አንገቱን ደፍቶ ሳለ የአንዱ ሞባይል በጭፈራ ዘፈን ይጮኻል፤ ባለቤቱ ኪሱን እየዳበሰ ሮጦ ይወጣል፣ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። እንደዚያ በጮኸ ቁጥር ጋሼን ማየት አልቻልኩም።

ከአርባው በኋላ አንድ እሑድ መጣ፤ ጥቁር ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። ማጫወቻውን ልዘጋ እጄን ስሰድ "ተዪው" አለኝ። ለአባቶቹ ከሩቅ እጅ ነሣና ከእነሱ ጋር ሳይቀመጥ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

"ሁሉም ያውቁ ነበር አይደል?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ እዚህ ስጨፍር ቁጭ ብለው አዩኝ። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም። ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።" ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ። "አንቺም ታውቂ ነበር?"

ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገርም፣ ከእውነቱ በኋላ የሚመጣውን ለመሸከምም አቅም አልነበረኝም።

"አላውቅም ነበር ጋሼ" አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀው። "ተመስገን" አለ። "ቢያንስ አንድ ሰው ከልቡ ደስ ብሎታል ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር የሚቀመጠው ባንኮኒው ጋ፣ እኔ ፊት ለፊት ሆነ።