የአያ ታፈረ የንፋስ መብራት

ነገሩ የጀመረው የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ትናንት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ማንኩሳ አጠገብ ከባሕር ዛፎቹ በላይ የሚሽከረከሩትን ሦስት ክንፎች በመኪናው መስኮት አየሁና ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ እዚያው ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን አያ ታፈረ ገበሬ ናቸው። ከአሮጌ የመኪና ዲናሞና ራሳቸው ከጠረቡት የዋንዛ እንጨት የንፋስ መብራት ሠርተዋል፤ ሥዕል የለ፣ መለኪያ የለ፣ በዓይናቸው ብቻ። መንደሩ ስልኩን የሚሞላው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ያን ቀን አስጠሩኝ። አንዱ ክንፍ ተሰብሮ ወድቋል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው።

«እንጨቱ ነው ወይስ እጄ? የተማርሽው አንች ነሽ፣ እስቲ እይልኝ» አሉ። «ምክንያቱን ካላገኘሁ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ሰው ላይ ቢወድቅስ?»

ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቶበታል፤ ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር ያስነጥሳል። ጎረቤታቸው እትዬ የሺ በርበሬውን እያገላበጡ ሳቁ።

«አንተ ታፈረ፣ ሦስት ክንፍ ምን ያደርግልሃል? ዶሮ እንኳ ሁለት ይበቃታል!»

ስብራቱን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ዳሩ ላይ ተፈግፍጎ የለሰለሰ ጎድጓዳ ቦታ አለ። የቀሩትን ሁለቱን ስናወርድ እነሱም እዚያው ላይ ተበልተዋል። ገባኝ። በየበዓሉ ጠዋት አያ ታፈረ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ወይፈን እንደሚይዝ ሰው፣ በሚዞረው ክንፍ ላይ ገመድ ጥለው ያቆሙታል። ለጎረቤት ብለው ነው። በበዓል ሥራ ከተሠራ በረዶ ይወርዳል፣ የተሰጣው በርበሬም ያልቃል ይባላል። መዞሩም ሥራ ነው፣ ይታሰር ብለው አጥብቀው የያዙትም እትዬ የሺ ነበሩ።

እሳቸው ፊት እንዴት ልናገር? በዓል ይሻር ያልኩ ቢመስላቸውስ? ዝም ብል ደግሞ መብራቱ ሊፈታ ነው።

«እጅዎም እንጨቱም አይደለም» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። «ገመዱ ነው የበላው።»

«ታዲያ ሚካኤልን ሲዞር ሊውል ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

አያ ታፈረ አልተቆጡም። ክንፉን አገላብጠው አዩት። «ምርት ስናዘራ ንፋሱ ከበረታብን ጎናችንን እንሰጠው የለ? ይኸስ ጎኑን ቢሰጥ?»

ገመዱን ከክንፉ አንስተው፣ ከኋላ ሆና ክንፎቹን ወደ ንፋሱ ከምታዞረው የቆርቆሮ ጅራት ጋር ሊያስሩት አስበዋል። ጅራቷ ወደ ጎን ስትሳብ ክንፎቹ ከንፋሱ ይሸሹና ማንም ሳይነካቸው ይቆማሉ። እኔ ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ እሳቸው ከአውድማ አመጡት።

ለተሰበረው ምትክ የሚሆን ትርፍ ክንፍ ነበራቸው። የተበሉትን በቆርቆሮ ለበጥን፤ እኔም በእትዬ የሺ የበርበሬ ሚዛን ሦስቱ እኩል እስኪሆኑ መዘንኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰቀልነው።

በማግስቱ ገና ከንጋቱ ይነፍስ ነበር። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ከላይ ሳያነሡ ቆመዋል። አያ ታፈረ የገመዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ።

«ሳቢው፣ ልጄ።»

ሳብኩት። ክንፎቹ ዞር አሉ፣ ዘገዩ፣ ቆሙ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ የሺ። «ከአንዳንዱ ሰው ይልቅ ይኸ በዓል ያውቃል!»

ገመዱን ችካሉ ላይ ሁለት ጊዜ አጥብቄ ቋጠርኩትና፣ በሁለቱ መሐል ሆኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።