የእንስራው ተረትና የላምባው ምድጃ

አባባ ደግፌን ሰዓት እላፊ የሚይዛቸው ሆን ብለው ይመስለኝ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ። የእናቴ አጎት ናቸው። ቤታቸው ወሰን ሰፈር ነው፤ የእኛ ደግሞ ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ያኔ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለማይታወቅ፣ ሊጠይቁን የመጡ ቀን «ይኸው መሸብኝ እኮ» ይሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቴ የኩራዙን ክር ዝቅ ታደርጋለች፤ ላምባ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ስለነበር ለወሬ ተብሎ ብርሃን አይባክንም። ከዚያ በኋላ የሚታየን የፍሙ ቅላትና የእሳቸው ጉልበት ብቻ ነው፤ ፊታቸው ጨለማው ውስጥ ሆኖ ድምፃቸው ይመጣል።

የጎረቤት ልጆች ስለ ንጉሥ ልጅና ስለ ሰባት ራስ ዘንዶ ይሰማሉ። የእኛ አባባ ግን የሚያወሩልን ስለ ሳሙና ነው። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው አገር ያዳረሱ ሰው ስለሆኑ በየገበያው ብዙ የተታለለ ሰው አይተዋል፤ ራሳቸውም ሳይታለሉ አልቀሩም፤ ያንን ሁሉ ለጦጣና ለጅብ፣ ለአማትና ለምራት እያለበሱ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ይነግሩናል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን አንድ አንድ ሳሙና ከሱቅ ይወስዳሉ። አንደኛዋ የዚያኑ ዕለት ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ሳሙናው እንደ ቅቤ ይቀልጥባታል። ሌላዋ በክር ቆራርጣ ቁም ሣጥን ላይ ታሰጣዋለች፤ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ሌላ ሳሙና እስኪመጣ ድረስ ያጥብላታል። «እርጥብ ሳሙና ውሃውን ያጥባል እንጂ ልብስ አያጥብም» ብለው ይጨርሳሉ። እናቴ ከዚያ ማታ ጀምሮ ሳሙና ሳታደርቅ ተጠቅማ አታውቅም።

እኔን ግን ተረቶቹ ያበሳጩኝ ነበር። አንድ ማታ በርበሬ በርካሽ ወቅት ገዝቶ ያከማቸ ዝንጀሮ ይከብራል፤ በሌላው ማታ ያው ዝንጀሮ ያከማቸው በርበሬ ሻግቶበት ያለቅሳል። ታዲያ መግዛት ነው ወይስ አለመግዛት እያልኩ እበግናለሁ፤ በልቤ ነው እንጂ በአፌ አልጠይቅም። ያኔም ዛሬም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል።

ያለ ብስጭት የሰማሁት የእንስራውን ተረት ብቻ ነው። ጅብ እንስራ ሊገዛ ገበያ ይወጣል። ሻጯ ቀበሮ እንስራውን ቅቤ ቀብታ አብለጭልጫዋለች፤ በጥፍሯ ስትመታው ደህና አድርጎ ይጮኻል። ጅብ መልኩን አይቶ ድምፁንም ሰምቶ ገዝቶ ይሄዳል። ጦጣ ግን ሌላውን እንስራ ውሃ ትሞላና ደረቅ አመድ ላይ አስቀምጣ ሄዳ ትተኛለች። ሲነጋ ተመልሳ ስትመጣ እንስራውን ዞር ብላም አታየውም፤ የምታየው አመዱን ነው። አመዱ ረጥቧል። «እመቤት ቀበሮ፣ እንስራሽ ያምራል፤ አመዱ ግን ያለቅሳል» ብላ ትታላት ትሄዳለች። ጅቡ እስከ ዛሬ ከወንዝ እየቀዳ ቤቱ ሲደርስ እንስራው ባዶ ይሆንበታል፤ የሚረግመው ግን ወንዙን ነው።

እዚህ ሲደርሱ አባባ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ዕቃ ስትገዙ ሞልታችሁ አሳድሩ። ሻጩ ቢከፋው ይክፋው፤ የአንድ ቀን ኩርፊያ ነው።»

እናቴ ወሰን አካባቢ፣ ጋራዦቹ መደዳ ላይ፣ ለሠራተኞቹ ሻይና ንፍሮ ትሸጥ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ የኖርነው በዚያ ነው። ማገዶው የእኔ ሥራ ነበር። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅሜ፣ የደን ጠባቂዎቹ ካልያዙኝ ተሸክሜ እወርዳለሁ። ከያዙኝ ቅጠሉም ማዘያውም እዚያው ይቀራል። በክረምት ደግሞ ቅጠሉ እርጥብ ነው፤ ከእሳቱ ጢሱ ይበዛል፤ የእናቴ ዓይን ከሰኔ እስከ መስከረም ቀልቶ ይከርማል።

ስድስተኛ ክፍልን ተፈትኜ አለፍኩ። ሰባተኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ራቅ ያለ ነበር፤ ትምህርቱም የጠዋት ብቻ። ማለፌን ስነግራት እናቴ ግንባሬን ሳመችኝና «ቅጠሉንስ ማን ያመጣዋል?» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፤ መልሱን ብታውቀው ደስ ይላት ነበር። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ደረሳት። ጋራዥ ያሉ ደንበኞቿ ላምባ ከየትም ብለው እንደሚያገኙላት ቃል ስለገቡላት የላምባ ምድጃ ለመግዛት ቆረጠች። ምድጃ ከተገዛ ጠዋቴ ይለቀቃል፤ ጠዋቴ ከተለቀቀ ሰባተኛ እገባለሁ። እንዲህ ግልጽ ነበር።

ምድጃ የሚሸጡት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ከጋራዦቹ አለፍ ብሎ ምድጃና ራዲዮ የሚጠግኑባት የቆርቆሮ ቤት አለቻቸው። አባቴ የሞተ ቀን ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ ድንኳኑን በገዛ እጃቸው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ስንሄድ አባባ ደግፌም አብረውን መጡ፤ ግዢ የሚያውቁ ሰው ናቸውና። ጋሽ ታደሰ ወንበር አቀረቡ፤ ሻይ አስመጡ፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ምድጃ አውጥተው ለኮሷት። ነበልባሏ ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያውን እኩል ነደደ። እናቴ እጇን ወደ ሙቀቱ ዘርግታ ስትስቅ አየኋት።

እኔ የማየው ሥሯን ነበር። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሽታው ገና አልለቀቀም፤ ላምባው የሚጠራቀምበት ሆዷ ከእግሯ ጋር የተበየደበት ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ወፈር ብሎ ተቀብቷል። ሞልታ ትደር ይላሉ ብዬ አባባን ጠበቅኋቸው። አባባ ሻያቸውን እየጠጡ ስለ ዝናቡ አወሩ። አሁን ይሉታል አልኩ። ስለ ጤፍ መጥፋት አወሩ። እናቴ የመሐረቧን ቋጠሮ መፍታት ስትጀምር አላስቻለኝም፤ ለሌላ ነገር ቢሆን አልናገርም ነበር።

«አባባ፣ ሞልታ ትደር አይሉም?»

ድምፄ ከዝናቡ አይበልጥም ነበር፤ አባባ ግን ሰምተውኛል፤ ደንገጥ ሲሉ አይቻለሁ።

«ምን አለች ልጅቷ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ቸኩላ ነው» አሉ አባባ። «ቤት ወስዳ ልታበራት።»

ሁለቱም ሳቁ። እናቴ ፊቷን ሳታዞር ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አዋቂ ሲገዛና ሲሸጥ ልጅ አፉን አያስገባም፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ምድጃዋን ያዘልኳት እኔ ነኝ። አባባ ከኋላዬ ሆነው ለእናቴ የነገሯት ይሰማኝ ነበር፦ ሬሳ የሚያነሳልህን ሰው ዕቃ መፈተን ማለት ሰውየውን ሌባ ማለት ነው፤ ነውር ነው፤ ደግሞም ነበልባሏን አይተናል።

የዚያን ማታ ቤታችን ያለ ጢስ አመሸ። ውሃው እናቴ ብርጭቆዎቹን አጥባ ሳትጨርስ ፈላ። ለነገው እንዲሆን ብላ ምድጃዋን እስከ አፏ ሞልታት ተኛን። ሌሊቱን አፍንጫችንን ሞልቶ የቀሰቀሰን የላምባ ሽታ ነው። እናቴ ክብሪት ልትጭር ስትል እህቴ እጇን ያዘቻት፤ እግዜር ነው ያተረፈን። ሲነጋ አየነው። ሆዷ ባዶ ነው። የአፈሩ ወለል ላምባውን ጠጥቶ፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠው የሽምብራና የስንዴ ከረጢት ደግሞ ከወለሉ ጠጥቷል። የሰሞኑ ንፍሮ አብሮ ሄደ።

አሁንማ ምድጃዋን ይመልሷታል ብዬ ነበር። አባባ መጥተው አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«እንዴት ተብሎ ይነገራል?» አሉ። «ነገ እኔ ብሞት ፊታቸው እንዴት ነው የምትቆሙት?»

በሳሙና ትደፈን አሉ። ያቺ እንደ ድንጋይ የደረቀች ሳሙና ተፍቃ፣ በውሃ ተለንቅጣ ስንጥቁ ላይ ተለጠፈች። ለአንድ ቀን ያዘች፤ ሙቀቱ ሲበዛባት ቀለጠችና እሳቱ በሥሯ በኩል ሊያያዝ ሲል እናቴ በአፈር አዳፈነችው። ከዚያ በኋላ ምድጃዋ አሮጌ ነጠላ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ወደ ቅጠሌ ተመለስኩ። ጋሽ ታደሰ በእናቴ ሻይ ቤት በኩል ሲያልፉ ይጠይቋታል፦ «ምድጃዋ እንዴት ናት?» እናቴም «እግዜር ይስጥልን ጋሽ ታደሰ፣ ይኸው ጢስ የሚባል ረሳን» ትላለች፣ ዓይኗ በጢስ ቀልቶ። አጠገቧ ቅጠሉን የምማግደው እኔ ነኝ። ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ ይመጣብኛል።

መስከረም እንዲህ አለፈ። ቅጠል ተሸክሜ ስወርድ አብረውኝ ፈተናውን ያለፉት ልጆች ለምዝገባ ሲሄዱ አያለሁ፤ ሸክሙ ፊቴን ስለሚሸፍነኝ አያዩኝም። አንድ ማታ አባባን እንደ ልማዳቸው ሰዓት እላፊ ያዛቸው። ኩራዙ ዝቅ አለ። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንዲት ጦጣ ገበያ ወጣች ብለው ጀመሩ። የዚያን ዕለት ጠባቂዎቹ ማዘያዬን ወስደውብኝ ነበር። ጨለማ ስለሆነና ፊታቸው ስለማይታየኝ ነው መሰለኝ ድምፄ ወጣ።

«አባባ፣ ተረቱን ሰምተን ምን እናድርገው?»

«ምን ማለት ነው ልጄ? ትማሩበታላችሁ።»

«ልንሠራበት ስንል ደግሞ ዝም በሉ እንባላለን።»

እናቴ «አንቺ!» አለችኝ። አባባ «ተያት» አሏት። ፍሙን በእንጨት ጫፍ ሲቆሰቁሱት ይሰማኝ ነበር፤ ጦጣዋ ገበያ እንደወጣች ቀረች። ያን ሌሊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

የጥቅምት ራጉኤል ዕለት እናቴ ለስለቷ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ምድጃዋን ከነጠላዋ ጋር አዝዬ ወሰን ወረድኩ። ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ሳጠና ሄድኩ፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ምድጃዋን ጋሽ ታደሰ እግር ሥር አስቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ምን ሆነች ሲሉኝ አንዲት ቃል ብቻ መጣችልኝ።

«ታፈሳለች።»

ገለበጧት፤ ቀለሙን በሚስማር ፋቁት፤ ስንጥቋን አዩ። ሳያዩዋት ቀለም ቀብተውባት እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ሌላ ሥራቸውን ትተው የብየዳውን እሳት አነደዱ። ሥራው ለአንድ ሻይ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ላምባ ሞሉባትና ደረቅ የሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጠው እስኪመሽ አቆዩዋት፤ እኔንም ከጎኗ። ሲሚንቶው ደረቅ ሆኖ ዋለ።

«እናትሽን ስንቴ ጠየቅኳት?» አሉኝ ሲሰጡኝ። «ለዚህች ነው ክረምቱን ሙሉ ዝም ያላችሁኝ? ሌባ አደረጋችሁኝ እኮ።»

በማግስቱ እናቴ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ልጄ ደፈረችዎ ብላ። እኔ ደግሞ ጠዋቴ ተለቆልኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የምዝገባው ሰውዬ የት ከርመሽ ነው አሉኝ። ላስረዳቸው አልቻልኩም። ክፍሎቹ ሞልተዋል፣ ለከርሞ ነይ አሉኝ። ለከርሞ እናቴ ጉልበቷን ታመመችና ሻዩም ንፍሮውም በእኔ ላይ ወደቀ።

አባባ ደግፌ አሁንም ሲመሽባቸው ይመጣሉ፤ አሁንም ስለ ሳሙናና ስለ በርበሬ ያወራሉ። የእንስራውን ተረት ግን ደግመው አልነገሩንም። እኔም ንገሩን ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ እንደማይረሳኝ ያውቃሉ። ከእኔ ጋር የቀረው ምን እንደሆነ ሳስብ ምክሩ አይደለም፤ ምክሩንማ ያኔም አውቀው ነበር። የቀረው ጋሽ ታደሰ ያሉት ነው። ሊከፋቸው ነው ብለን የፈራናቸው ሰው የከፋቸው ዝም በማለታችን ነበር። አሁን ዕቃ ስገዛ ጆሮዬ እየጋለ፣ ዓይኔን መሬት ተክዬ እጠይቃለሁ፤ ሻጩ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ሲለኝ እደግመዋለሁ።

ምድጃዋ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አፍስሳ አታውቅም። በየጠዋቱ፣ እኩዮቼ ደብተራቸውን ይዘው በሻይ ቤቱ ፊት ሲያልፉ፣ ነበልባሏ ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያውን እኩል ይነዳል። የሚያናድደኝም እሱ ነው።